ሰርጌይ ቪኖግራድስኪና የዓሣ ገንዳ ውሃ

በእንግዳ መቀበያ ክፍል ወይም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተቀመጠ የዓሣ ገንዳ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ዓሣውን ነው። ቀጥሎ አረፋ እየሠራ ወደ ላይ የሚወጣውን አየር ያያል። በመስታወቱ ማዕዘን የተሰካችውን ማጣሪያ ልብ የሚላት ግን ጥቂት ሰው ነው። ልብ ያላትም ቢሆን እንደ ወንፊት ይቆጥራታል፤ የዓሣውን ኩስና የምግቡን ትርፍራፊ ትይዛለች፣ ውሃውም ይጠራል፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል ብሎ ያስባል።

ይህ ጸሐፊም በወጣትነቱ እንደዚሁ ያስብ ነበር። ይሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት አንድ የዓሣ ገንዳ ነበረ። ለበዓል ተብሎ ገንዳው ይጽዳ ሲባል፣ ጠጠሩ ከሥሩ ወጥቶ በቧንቧ ውሃ እንዲታጠብ፣ የማጣሪያው ስፖንጅም እድፉ እስኪለቅ ድረስ እንዲታሽ የመከረው ይኸው ጸሐፊ ነው። እንደተባለው ተደረገ፤ ውሃውም ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ጠራ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍቱና ይገጥሙ ጀመር። ሳምንቱ ሳያልቅ አንድም ዓሣ አልቀረም።

ውሃው እጅግ በጠራበት ሳምንት ዓሦቹ ስለምን አለቁ? የዚህን ጥያቄ መልስ ካገኙልን ሰዎች መካከል ዋነኛው በሕይወቱ ዘመን የዓሣ ገንዳ ስለመንከባከብ የጻፈ ሰው አይደለም። የሕግ ተማሪ፣ ከዚያም የፒያኖ ተማሪ፣ በመጨረሻም የደቂቅ ዘአካላት ተመራማሪ የነበረው ሰርጌይ ኒኮላየቪች ቪኖግራድስኪ ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል ስለ አፈርና ስለ ፍሳሽ ውሃ የተማሩ ሁሉ ስሙን ያውቁታል። የሕይወቱ ታሪክ ግን ከስሙ ያነሰ ስለሚታወቅ፣ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ይህን ለማቅረብ ተሞክሯል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የቪኖግራድስኪን ሥራ ለመመዘን ከእርሱ በፊት ምን ይታወቅ እንደነበረ ማየት ይገባል። በ1849 በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ኬሚስት የነበረው ሮበርት ዋሪንግተን፣ ሃምሳ ሊትር ገደማ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችና አንድ የውሃ ተክል አኖረ። ዓሣው የሚያስወጣውን የተቃጠለ አየር ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክሲጅን ዓሣው ይተነፍሳል የሚል ነበር ሐሳቡ። ብዙም ሳይቆይ የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተን ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ እነርሱም የበሰበሰውን በሉለት፣ ውሃውም ጠራ። ውጤቱን በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ። በ1853 በለንደን የአራዊት መጠበቂያ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ ባሕር ገንዳ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር ገንዳ በቤቱ ማኖር የፈለገው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር። የብዙዎቹ ዓሦች ግን አልቆዩም።

የዋሪንግተን ሐሳብ ስሕተት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ስለ ኦክሲጅንና ስለ ካርቦን በሚገባ ያስረዳል፤ ናይትሮጅን ግን በሒሳቡ ውስጥ የለም። ዓሣ የበላው ፕሮቲን ተፈጭቶ ሲያበቃ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። ተክሎች ከዚህ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ ሁለት ዓሣ በሃምሳ ሊትር ውስጥ ለዚህ ነው የኖሩት። ዓሣው ሲበዛ ተክሉ አይበቃም። አሞኒያ ደግሞ አይታይም፤ መርዛማ በሚሆንበት መጠን እንኳ ውሃውን አያደፈርስም፣ ቀለሙንም አይለውጥም።

አሞኒያ በአፈርና በውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ በጊዜው ይታወቅ ነበር። ለባሩድ የሚሆነው ናይትሬት ከፍግና ከኖራ ክምር ይወጣ ስለነበረ ጉዳዩ የነገሥታት ጉዳይም ነበር። ለውጡ የሚካሄደው ሕይወት በሌለው ኬሚካላዊ መንገድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1877 ግን ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትስ የተባሉ ፈረንሳውያን አንድ ረጅም ቱቦ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ሞልተው የፍሳሽ ውሃ በቀስታ አንጠባጠቡበት። ለሃያ ቀናት ያህል ከሥሩ የወጣው አሞኒያ እንደገባ ነበር። ከዚያም ናይትሬት ብቅ አለ፣ አሞኒያውም ጠፋ። የክሎሮፎርም ተን ባስገቡበት ጊዜ ለውጡ ቆመ። ክሎሮፎርሙ ከወጣ በኋላ ጥቂት የአፈር እጣቢ ሲጨምሩበት እንደገና ተጀመረ። እንግዲህ በአሸዋው ላይ የሚኖር ሕያው ነገር ነበረ ማለት ነው። አዲስ ገንዳ አቁመው ዓሣ ለማስገባት ሳምንታት የጠበቁ አባሎቻችን እነዚያን ሃያ ቀናት ያውቋቸዋል።

ይህን ሕያው ነገር ለመያዝ እጅግ የደከመው የዚያው የገንዳው ሰው የሮበርት ዋሪንግተን ልጅ፣ በስሙም ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሲመረምር፣ ለውጡ በሁለት ደረጃ፣ ማለትም ከአሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከናይትራይትም ወደ ናይትሬት እንደሚሄድና ሁለት ልዩ ልዩ ሠራተኞች እንዳሉት አሳየ። ሠራተኞቹን ግን ለይቶ ማውጣት አልቻለም። በዘመኑ የተለመደው ዘዴ በሥጋ መረቅ በዳበረ ጄላቲን ላይ ባክቴሪያ መዝራት ነበር። በዚያ ላይ የበቀሉት ሁሉ አሞኒያን የማይነኩ ሆኑበት፤ አሞኒያን የሚለውጡትም በዚያ ላይ አልበቅል አሉት። አባት በገንዳው ውስጥ ሳያየው ያለፈውን ነገር ልጁ ደጃፉ ድረስ ደርሶ ተመለሰ።

ቪኖግራድስኪ የተወለደው በ1856 በኪየቭ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ነው። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ተዛወረ፤ እርሱም ሰለቸው። በ1875 ሁሉንም ትቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባና ፒያኖ አጠና። ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ይህንም ተወው። በ1877 በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሆነ፤ የዕፅዋት ሊቅ በነበረው በአንድሬ ፋሚንትሲን ሥር ሲሠራ የሚፈልገውን አገኘ። ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1879 አገባ፤ በትዳሩም አራት ሴቶች ልጆችን አፍርቷል። ዛሬ አንድ ተማሪ በሃያ አንድ ዓመቱ ሦስት ጊዜ የትምህርት መስመር ቢለውጥ ምን እንደምንለው እናውቃለን። ቪኖግራድስኪ ይህን ለማድረግ የቻለው የኑሮ ችግር ስላልነበረበት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ በኋላም በየአገሩ እየተዘዋወረ ያለ ሹመት ለመመራመር ያስቻለው ይኸው ሀብት ነው።

በ1885 ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ ከታላቁ የዕፅዋት ሊቅ ከአንቶን ደ ባሪ ቤተ ሙከራ ገባ። በዚያ የተመለከተው ቤጊያቶዋ የተባለውን፣ ድኝ በበዛበት የምንጭ ውሃ ውስጥ እንደ ነጭ ክር የሚያድገውን ባክቴሪያ ነው። እንደ ሌሎቹ በመረቅ ሊያሳድገው አልሞከረም። ክሮቹን በመስታወት ላይ በአንዲት ጠብታ ውሃ አኑሮ፣ የምንጩን ውሃ በየጊዜው እየለወጠላቸው በአጉሊ መነጽር ተከታተላቸው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያገኙ በአካላቸው ውስጥ የድኝ ጠብታዎች ይሞላሉ፤ ጋዙን ሲያጡ ጠብታዎቹ ይጠፋሉ፤ ጠብታዎቹ ካለቁም በኋላ ክሮቹ ይሞታሉ። በ1887 ባሳተመው ጥናት ይህ ፍጥረት ለኑሮው ኃይል የሚያገኘው ድኝን ከኦክሲጅን ጋር በማዋሐድ ነው ብሎ ደመደመ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ወይ ከፀሐይ ብርሃን ወይ ሌላ ሕያው ከሠራው ምግብ ይኖራል ይባል በነበረበት ዘመን፣ ሦስተኛ የአኗኗር መንገድ አለ ማለት ድፍረት ነበር።

ደ ባሪ በ1888 መጀመሪያ ላይ ሲሞት ቪኖግራድስኪ ወደ ዙሪክ ሄደ። የአሞኒያን ነገር የያዘው በዚያ ነው።

አካሄዱ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ነበር። ሌሎቹ ባክቴሪያው ያድግ ዘንድ ምግብ ይጨምሩለታል፤ ቪኖግራድስኪ ይቀንስለት ጀመር። በአንድ ሊትር የዙሪክ ሐይቅ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም የአሞኒየም ሰልፌትና አንድ ግራም የፖታሲየም ፎስፌት አሟሟ፤ ከሥሩም ጥቂት የማግኒዚየም ካርቦኔት ጨመረ። ስኳር የለ፣ መረቅ የለ፣ ሥጋ የለ። በዚህ ውስጥ ጥቂት አፈር ጣለበት። ለውጡ ከጀመረ በኋላ ከዚያ ጠብታ እየወሰደ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ውሃ ያዛውር ነበር። በዚህ ባዶ ማዕድ ላይ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች እየከሱ ሲያልቁ አሞኒያ የሚለውጡት ቀሩ። የቀሩትን ጥቂት እንግዶች ለመለየት የሠራው ዘዴ ደግሞ የዋሪንግተንን ልጅ ያሰናከለውን ጄላቲን መልሶ መገልገል ነበር፤ ግን በተቃራኒው። ጄላቲኑ ላይ ዘርቶ ጥቂት ቀን ከጠበቀ በኋላ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው የበቀለውን አልመረጠም፤ ምንም ያልበቀለበትን ባዶ ሥፍራ ቆርጦ ወሰደ። ፈላጊው ባክቴሪያ በጄላቲን ላይ የማይበቅል ከሆነ፣ ተኝቶ የሚገኘው ምንም በማይታይበት ቦታ ነው። ባዶውን ቁራጭ ወደ ማዕድን ውሃው ሲጥለው አሞኒያው ተለወጠ።

በ1890 ውጤቱን በፓስተር ተቋም መጽሔት በተከታታይ አወጣ። በጄላቲን ፈንታም የማዕድን ዝልግልግ፣ ማለትም ሲሊካ፣ በሳሕን ላይ አርግቶ ባክቴሪያውን ለብቻው ለማሳደግ በቃ። ኋላ ናይትሮሶሞናስ የተባለው ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ፐርሲ ፍራንክላንድና ባለቤቱ ግሬስ በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ውጤት መድረሳቸው ተገቢ ምስጋና ይገባዋል። ቪኖግራድስኪን የሚለየው ባክቴሪያውን መያዙ ብቻ ሳይሆን አኗኗሩን መመዘኑ ነው። መያዣ መስታወቶቹንና ጨዎቹን ከማናቸውም የሕያዋን ቅሪት አጽድቶ፣ ባክቴሪያው ካርቦኑን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ በጨለማ ሲሠራ አሳየ። ሲመዝነውም ወደ 35 ክፍል የሚጠጋ ናይትሮጅን ለውጦ የሚያተርፈው አንድ ክፍል ካርቦን ብቻ ሆኖ አገኘው።

ይህ ቁጥር ለዓሣ ገንዳ ባለቤት ከማናቸውም መመሪያ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ለፍቶ ጥቂት የሚያገኝ ፍጥረት በቶሎ አይባዛም። የተመቸው ተራ ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሲሆን፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚያስጠብቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ እርሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ ሁለቱም ሲጠፉ ናይትሬት ይቀራል። አሞኒያ በተለይ መርዝ የሚሆነው ውሃው አልካላይን ሲሆን ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ መርዛማው ዓይነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ከመቶ አምስት ያህል፣ 9 ሲሆን ከሢሶ በላይ ይሆናል። ናይትራይት ደግሞ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ሄሞግሎቢኑ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ደሙም ቡናማ ይሆናል። ናይትሬት ከሁለቱ በጣም የዋህ ነው፤ የውሃውን ከፊል በየጊዜው በመለወጥ ይወገዳል።

ቪኖግራድስኪ በመስታወቶቹ ውስጥ ሌላም ነገር ተመልክቷል። ከላይ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ባክቴሪያዎቹ ከሥር በካርቦኔቱ ቅንጣቶች ላይ ተለጥፈው ነበር የሚገኙት። በገንዳም እንዲሁ ነው። ሠራተኞቹ በውሃው ውስጥ ሲዋኙ የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በጠጠሩ፣ በስፖንጁ፣ በመስታወቱ ላይ እንደ ቀጭን ልባስ ተጣብቀው ይኖራሉ። ግማሹን ውሃ የለወጠ ሰው ከእነርሱ የሚያጠፋው ጥቂት ነው፤ ስፖንጁን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውሃ ያሸ ሰው ግን አገር ያጠፋል። በመሥሪያ ቤታችን የሆነው ይኸው ነበር። እድፍ ብለን ያስወገድነው ልባስ የገንዳው ዋና አካል ነበር። ስፖንጅ መጨመቅ ሲያስፈልግ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በቀስታ ይጨመቃል፤ ጠጠሩና ስፖንጁም በአንድ ቀን አይነኩም።

ካርቦኔቱም ያለ ምክንያት አልተጨመረም። አሞኒያ ሲለወጥ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱን የሚያበርድ ነገር ከሌለ ፒኤች ይወርድና ሥራው ይቆማል። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ ከውሃው ሰባት ሚሊግራም ገደማ የካልሲየም ካርቦኔት አቻ ይበላል። የኖራ ድንጋይ ወይም የዛጎል ስብርባሪ ከማጣሪያ ውስጥ የሚያኖሩ ዓሣ አርቢዎች የሚሠሩት የዙሪኩን ብልቃጥ ሥራ ነው።

ኦክሲጅን ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ያንኑ አንድ ሚሊግራም ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ለማድረስ አራት ተኩል ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ በ25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር ከስምንት ሚሊግራም ጥቂት ከፍ ያለ ኦክሲጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃው የሚይዘውም ወደ ስድስት ሚሊግራም ይወርዳል። ከዚያ ላይ ዓሣውም ባክቴሪያውም ይካፈሉታል። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ ወስዶ በአዲስ አበባ መሙላት አይመከርም። የአየር ፓምፑ ዋና ሥራም አረፋውን በውሃው ውስጥ ማሟሟት አይደለም፤ ከሥር ያለውን ውሃ ወደ ላይ እያወጣ ከአየር ጋር ማገናኘት ነው። በስፖንጅ ማጣሪያ ላይ ይኸው አረፋ ውሃውን በስፖንጁ ውስጥ እየሳበ ለባክቴሪያዎቹ አሞኒያና ኦክሲጅን ያደርስላቸዋል። ውሃ በጠጠር ላይ በአየር ውስጥ የሚንጠባጠብበት ማጣሪያ የሽሎዚንግና የሙንትስ ቱቦ ልጅ ነው፤ ኦክሲጅን አይጎድልበትም። በዝግ ጣሳ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ግን መብራት ሲጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኦክሲጅኑን ይጨርሳል፤ መብራት ሲመለስ የተበላሸውን ውሃ ወደ ዓሣው እንዳይረጭ አስቀድሞ ማፍሰስ ያሻል። ከሰሉም ቢሆን ቀለምንና ሽታን ይወስዳል እንጂ አሞኒያን አይዝም።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ከዙሪኩ ሥራ በኋላ ሜችኒኮፍ በፓስተር ስም ወደ ፓሪስ ጋብዞት ነበር። ቪኖግራድስኪ ግን በ1891 አዲስ ወደ ተቋቋመው የሴንት ፒተርስበርግ የሙከራ ሕክምና ተቋም ሄዶ የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጠውን ሁለተኛውን ባክቴሪያ አገኘና ናይትሮባክተር ብሎ ሰየመው። ከኪቶና ከጃቫ ሳይቀር አፈር አስመጥቶ መረመረ። በ1893 ደግሞ ያለ ኦክሲጅን እየኖረ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስድ ባክቴሪያ አገኘና ለፓስተር ክብር በእርሱ ስም ጠራው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በስሙ የሚጠራው ዓምድ፣ ማለትም ጭቃና ወረቀት ከታች፣ ውሃ ከላይ፣ ብርሃን ከጎን ያለው የመስታወት ቱቦ፣ ዓሣ የሌለበት የዓሣ ገንዳ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ከኦክሲጅን እስከ ድኝ ጋዝ ድረስ እያንዳንዱ ባክቴሪያ የሚስማማውን ፎቅ ይዞ በቀለም ይታያል።

ከዚያም ዝም አለ። በኃላፊነት ሥራ ተወጥሮና ጤናው ታውኮ በ1905 ተቋሙን ለቀቀ። በፖዶሊያ በነበረው ርስቱ በጎሮዶክ እርሻና ደን እያስተዳደረ ተቀመጠ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሳይንስን የተወ ሰው ወደዚያ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በ1917 አብዮት ፈነዳ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ፤ ርስቱ ጠፋ። በኦዴሳ በኩል ከአገሩ ወጥቶ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ። በ1921 በቤልግሬድ የፕሮፌሰርነት ቦታ አገኘ። መሣሪያ ስላልነበረ የሙያ መጽሔቶችን ሲያገላብጥ ሰነበተ፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ያመለጠውን ሁሉ አነበበ። የአፈር ባክቴሪያ ጥናት መረቅና ሳሕን ላይ ተተክሎ መቅረቱንም አየ።

በ1922 የፓስተር ተቋም ኃላፊ ኤሚል ሩ ጠራው። ከፓሪስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በብሪ ኮምት ሮቤር አንድ ቤትና መሬት ተሰጠው። እዚያ በስድሳ ስድስት ዓመቱ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። የመጀመሪያውን ግብዣ ካልተቀበለ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር። ከፒተርስበርጉ ተቋም ጋር ሲነጻጸር ቦታው ድሃ ነበር፤ በዋናነት አብራው የሠራችው ልጁ ኤሌን ናት። ለሌላ ሃያ ዓመት ያህል አፈርን ባለበት ሁኔታ፣ ባክቴሪያዎቹን ከጎረቤቶቻቸው ሳይለይ መመርመር እንደሚገባ በሥራ አስተማረ። በ1924 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1935 የሌቨንሁክ ሜዳሊያ ተሸላሚ ሆነ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርምሩን ሲያቋርጥበት የዕድሜ ልክ ጥናቶቹን ሰብስቦ ማዘጋጀት ያዘ። ትልቁ መጽሐፉ በ1949 ሲታተም ዕድሜው ከዘጠና አልፎ ነበር። በየካቲት 1953 በዚያችው ብሪ ኮምት ሮቤር ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ የመጣው እውቀት አንዳንዱን ቃሉን አርሞታል፤ እርማቶቹም ከዓሣ ገንዳ መምጣታቸው ያስደንቃል። በመጻሕፍት ሁሉ ናይትራይትን በገንዳ ውስጥ የሚለውጠው ናይትሮባክተር ነው ይባል ነበር። በ1998 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በጣፋጭ ውሃ ገንዳዎች ይህን ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው ናይትሮስፓይራ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ። ናይትሮባክተር ምግብ በበዛበት የቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው በተመራማሪዎች እጅ የገባው። ባዶ ማዕድ የመረጠውን ሰው እንኳ ብልቃጡ በዚህ ረገድ አታልሎታል ማለት ነው። በ2005 ደግሞ በሲያትል ከተማ ከሚገኝ የሕዝብ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ጠጠር ላይ አሞኒያን የሚለውጥ፣ ከናካቴው ባክቴሪያ ያልሆነ፣ ከአርኬያ ወገን የሆነ ደቂቅ ዘአካል ተለይቶ ወጣ፤ ወገኖቹ በውቅያኖስ ውስጥ እጅግ ብዙ መሆናቸው ይታወቃል።

ሦስተኛው እርማት የዋሪንግተን ልጅና ቪኖግራድስኪ የተስማሙበትን ነገር የሚነካ ነው። ሥራው በሁለት የተከፈለ ነው፣ አንድ ፍጥረት ብቻውን ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት አይደርስም የሚለው ትምህርት ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆይቷል። በ2015 ግን መንገዱን ሁሉ ብቻቸውን የሚጨርሱ የናይትሮስፓይራ ዓይነቶች በሁለት ቡድኖች ተገኙ። አንዱ ቡድን በሩሲያ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ሙቅ ውሃ በሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ከተለጠፈ ልባስ አገኘው። ሌላው በሆላንድ አገር ካርፕ የተባለው ዓሣ ከሚራባበት፣ ውሃው እየተጣራ ከሚመላለስበት ገንዳ ማጣሪያ ውስጥ ነው ያወጣው።